ንስሩና ወሬኛ ሚስቱ

«ይህን ምሰሶ ማን ነው እዚህ ያቆመው?» አለ ንስሩ፣ ከመኪናው እየወረደ።

ምሰሶው ግቢው ሲታጠር ጀምሮ እዚያው ነው። ለቀስተኞቹ ከሳሎን ወጥተው የተፋቀውን የመኪና በር አዩ። አንዲት ጎረቤት ሐዘን ዓይን ይጋርዳል አሉ። ንስሩም አባባሉ ተስማማው።

ሚስቱ የተቀበረችው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። አክስቱን ከመናኸሪያ ልቀበል ብላ ሴት ልጁ ቁልፉን ስትለምነው፣ ንስርን ጫጩት አይነዳውም ብሎ ራሱ ተነሥቶ፣ ከግቢው ሳይወጣ ነው ምሰሶውን የገጨው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የነበሩ ባልደረቦቹ ናቸው፤ በጉም ውስጥ እንኳ መንገድ አይስትም ነበርና። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስሙን ይበልጥ ወደደው። ዓይንህን ታይ ሲሉት፣ ሐኪሙ ራሱ መነጽር ለባሽ ነው ይላል።

ሟቿ መኪና ውስጥ አፏ አያርፍም ነበር። «ያ ቀይ መኪና ደግሞ ምን ነክቶት ቆመ?» ትላለች። «ልጅቷ ሳታይ ልትሻገር ነው እኮ።» እሱም ፍሬን እየረገጠ፣ አይቻለሁ፣ ለማን ነው የምትነግሪው ይላታል። ሚስቴ ደግ ናት፣ ወሬዋ ብቻ አላስነዳ አለኝ እያለ ለጓደኞቹ ያማት ነበር።

ሰዉ ተመልሶ ሲገባ የሚስቱ ታናሽ እህት ሻይ ይዛለት ወጣች። ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እህቴ እኮ ወሬ አትወድም ነበር» አለችው ቀስ ብላ።

ንስሩ ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር። እራት ላይ ሁለት ቃል ሳትናገር የምትነሣ ሴት፣ ሞተር ሲነሣ ብቻ አፏ ለምን እንደሚፈታ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ሆዱ ግን ያውቅ ነበር።

«ነግራሻለች?»

«እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር።»

ሻዩን ሳይቀምሰው አስቀመጠና ተነሣ። አክስቱን ሄደው እንዲቀበሉ ቁልፉን ለልጁ ሰጣት። ዞሮ በወዲያኛው በር ገባ። ወንበሩ ሟቿ እንደተወችው እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል፤ ከፊት መስተዋቱ ሥር ተጠግታ ነበር የምትቀመጠው። ጉልበቱ ከፊቱ ካለው የዕቃ መሳቢያ ጋር ተላተመ።

ልጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ልትገፋለት ጎንበስ ስትል እጇን ያዛት።

«ተይው» አላት። ጉልበቱን እንደምንም አጣጥፎ ቀበቶውን አሰረ።