የቀይዋ መኪና ቀኝ ወንበር

"አሳማዋ መጣች!" ብሎ ጮኸ ሥጋ ሻጩ ቴዎባልዶ፣ ቢላውን እንደያዘ ከሱቁ ብቅ ብሎ። "ዴሊያ፣ በይ ቶሎ እረጃትና ትገላገል!"

አደባባዩ በሳቅ አውካካ። ዴሊያ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና፣ "እኔስ መጀመሪያ የማርደው ባለቢላውን ነው!" ብላ ነዳጅ ሰጠች። ቀይዋ መኪና በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ነጠር ባለች ቁጥር ከሆዷ ሥር እሪ ትላለች። ዴሊያ ለሰው ብትስቅም ውስጧ በንዴት ቆስሏል።

ቢቆስል አይፈረድባትም። አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ያለፈውን የዕረፍት ቀኗን ሙሉ መኪናዋን በማንሻው፣ በክሪክ ላይ ሰቅላ፣ የፊቱንም የኋላውንም ቦኮላ አንድ ሳታስቀር ቀይራለች። ቦኮላ ትንሽ ነገር ናት፤ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሐል ገብታ የምትችል የጎማ ቀለበት። አሮጌዎቹ ይንጫጩ ነበር። አዲሶቹ፣ ጉድ በሉ፣ ብሰው አረፉት።

ነገ ደግሞ የደብራችን ቅዱስ፣ የሳን ሮኮ በዓል ነው። በሳን ሮኮ ቀን የእኛ ከተማ አሮጌ መኪኖች ተሰልፈው ዳገቱን ይወጡና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በቄሱ ይባረካሉ። አምና ቄሱ ጸሎት ሲያደርሱ የቀይዋ መኪና እሪታ ድምፃቸውን ዋጠው። የአሮጌ መኪኖች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ፋርማሲስቱ ኤርሲሊዮ፣ ያን ቀን ያፈረውን እስከ ዛሬ አልረሳም። ጠዋት በስልክ የላከው መልእክት አጭር ነበር፦ "ከጮኸች አትሰለፍም።"

ዴሊያ ጋራዡ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አጠፋች። አባቷ ናዛሬኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። በጉብዝናው በዚችው መኪና ዳገት ለዳገት ሲወዳደር የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ዓይኑ ስለደከመ መሪውን ለልጁ ሰጥቶ እሱ በቀኝ ወንበር ይሄዳል።

"ሰማኋት" አለ። "ከአደባባዩ ጀምሮ ነው የሰማኋት።"

"አባዬ፣ ለከርሞ እናደርሳታለን።"

"ለከርሞ?" አለ ናዛሬኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ። "ስለ ከርሞ ሐኪሙን ጠይቂው። እኔ የምፈልገው የነገውን ነው።"

ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሰገነት ድምፅ መጣ። አጎቷ ሴቲሚዮ ነው፤ የናዛሬኖ ታላቅ ወንድም። ድሮ ናዛሬኖ ሲነዳ ሴቲሚዮ በቀኙ ተቀምጦ መታጠፊያውን ይነግረው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ናዛሬኖ ያንን ወንበር ለከንቲባው ልጅ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት እየኖሩ ደህና አደርክ ተባብለው አያውቁም፤ ሚስቶቻቸውን ሲቀብሩ እንኳ የተነጋገሩት በቄሱ በኩል ነው።

"ዴሊያ! ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ቦኮላ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አይጠብቅም በይው።"

"ለዚያ ሽማግሌ ንገሪው፤ ማን ጠየቀህ በይው" አለ ናዛሬኖ።

"እኔ ጠየቅኩት!" አለች ዴሊያ። "አጎቴ፣ ምን ማለትህ ነው?"

"ክሪክ ላይ ሰቅለሽ ስታጠብቂ እግሯ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። የቦኮላው ጎማ በዚያው እንደተንጠለጠለ ይታሰራል። መኪናዋ መሬት ስትረግጥ ይጠመዘዛል። አንቺስ አንገትሽን ጠምዝዤ ዳገት ውጪ ብልሽ አትጮኺም?"

ዴሊያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ወይ እኔ! ወይ እኔ ጅሏ!"

"ብሎኖቹን አላልተሽ፣ መሬት አስረግጠሽ፣ ፊት ወንበሮቿ ላይ ሁለት ሰው አስቀምጠሽ እንደገና አጥብቂ። እኛ እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ለሰውዬው ንገሪው፤ ረስቶት ነው።"

ጋራዡ ውስጥ ከመኪና ሥር ገብተው የሚሠሩበት ጉድጓድ አለ፤ ግን በተቀቀለ የወይን ጠጅ ጠርሙሶች ስለተሞላ ነው ዴሊያ በክሪክ የተገላገለችው። ጠርሙሶቹን እያወጣች ግድግዳው ሥር ደረደረች። ጥጉ ላይ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ተቀምጧል። ለክብደቱ ከሆነ ሲሚንቶውም ይበቃ ነበር። ዴሊያ ግራና ቀኝ አየችና አሮጌ ሸራ ጣል አደረገችበት።

"ሰው ከየት ላምጣ?" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ሰፈሩ እንዳለ አደባባይ ወጥቷል። አጎቴ፣ በሳን ሮኮ ይሁንብህ፣ ውረድ።"

ሴቲሚዮ ብዙ አጉረመረመ። ግን ወረደ። ናዛሬኖ እንደለመደው በቀኝ በኩል ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ ለታላቁ የተረፈለት የሹፌሩ ቦታ ነው። ሴቲሚዮ የድሮ ወንበሩን እያየ ገባ።

"እንዳትወርዱ!" አለች ዴሊያ ከጉድጓዱ። "ከወረዳችሁ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ።"

የመጀመሪያውን ብሎን ስታላላው ቦኮላው ጧ! ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዴሊያ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ሁለተኛውም ጧ! አለ። ከዚያ ከበላይዋ የአጎቷን ድምፅ ሰማች።

"የተቀመጥክበት ወንበር የማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ለማን ሰጠኸው?"

"ጎማ አልነበረንም፣ ሴቲሚዮ። ልጁ አዲስ ጎማ ይዞ መጣ።" ናዛሬኖ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወንድሜን በጎማ ለወጥኩት። በል፣ ይኸው ተናዘዝኩ።"

"ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የሰው የወይን እርሻ ውስጥ ገባችሁ።"

"ገባን።"

"እኔ ብኖር 'ቀኝ፣ ጠባብ' እልህ ነበር።"

"ትለኝ ነበር።"

ከዚያ ሴቲሚዮ ሳቀ፤ ከሆዱ፣ መኪናዋ እስክትነቃነቅ። "የከንቲባው ልጅ እኮ ጆሮው ላይ የወይን ቅጠል ሰክቶ ነው የወጣው!" ናዛሬኖም አልቻለም፤ እያሳለው ሳቀ።

ዴሊያ ሁሉንም አጥብቃ ጨርሳለች። ጉድጓዱ ውስጥ ቁልፏን ይዛ ቆማ እንባዋ ይወርዳል፤ ደስ ብሏታል፣ በጣም ደስ ብሏታል።

"ጨረስሽ?" አለ አባቷ።

"ገና ነኝ!" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ቀይዋ መኪና የድንጋዩን ንጣፍ አቋርጣ መጣች። ቴዎባልዶ "አሳማ..." ሊል አፉን ከፍቶ እንደከፈተው ቀረ። ኤርሲሊዮ ሞተሩን አስጠፋና የፊት መከላከያውን በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቀው። ምንም የለም። ወደ ኋላ ዞሮ ተጫነው። ምንም። ጆሮውን አስጠግቶ ደግሞ ሞከረ።

"ምን አደረግሻት?" አለ።

"መሬት አስረገጥኳታ!" አለች ዴሊያ።

"በይ ግቢ። ከፊት ተሰለፊ።"

አደባባዩ በጭብጨባ ተናጋ፤ ቴዎባልዶ በቢላው ጀርባ የሥጋ ሚዛኑን እንደ ደወል ደበደበው። ናዛሬኖ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳ። በዚህ መሐል ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወንድሙን አየው፤ ሴቲሚዮ የበዓል ኮቱን ለብሶ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ይመስላል።

ናዛሬኖ በሩን ከፈተና ወረደ።

"አባዬ! ወዴት ነው? ቡራኬው እኮ ዳገቱ ላይ ነው ያለው!"

"ሴቲሚዮ!" አለ ናዛሬኖ፣ በሩን እንደያዘ። "ና ግባ። ሽቅቡን አንተ፣ ቁልቁሉን እኔ።"

"ቁልቁሉማ ቀላል ነው" አለ ሴቲሚዮ። "መቼም ቀላሉን ትወዳለህ።" ይህን እያለ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ገባ።

ናዛሬኖ በሩን ራሱ ዘጋለት፤ ዞሮም "ቴዎባልዶ፣ ወንበር አምጣልኝ!" ብሎ ጮኸ።

ዴሊያ ማርሽ አስገባች። ዳገቱን ጀምረው የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፉ ሴቲሚዮ በሹክሹክታ፣ "ቀኝ፣ ጠባብ" አላት። መኪናዋ ዝም ብላ ስለነበር በደንብ ተሰማት።