ዋስ በስልክ አይቆምም

እማማ ባየሽ ሰው ተታለለ ሲባል ከሰሙ ለሁለት ቀን እህል አይወርድላቸውም። ስለዚህ ሸነን ከተማ፣ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ ስልካቸው ጮኾ የቁጥር መልእክት ሲገባ፣ ወዲያውም አያቷን በኦሮምኛ «አኮ» እያለች የምትጠራው የልጅ ልጃቸው ለንሳ ከአምቦ ደውላ «አኮ፣ የመጣልሽን ቁጥር ቶሎ ንገሪኝ!» ስትላቸው ልባቸው ድንግጥ አለ።

«ቁጥር ለማንም አትስጡ ተብሏል።»

«እኔ ማንም ነኝ? ለንሳ ነኝ እኮ!»

«ሌባውም ቢሆን ለንሳ ነኝ ነው የሚለው። ዘንድሮ ድምፅም ይሰርቃሉ አሉ።»

ለንሳ እየተቻኮለች አስረዳች። ተማሪ ሳለች ኢንተርኔት ላይ ደራራ ዶት ኮም የምትባል የድረ ገጽ ስም ገዝታለች፤ ደራራ በኦሮምኛ አበባ ነው። ያኔ ስልኳ ጠፍቶባት ስለነበር ያስመዘገበችው በአያቷ ቁጥር ነው። አሁን ምርጥ ስሞች ብቻ ለሽያጭ የሚገቡበት ትልቅ የውጭ ጨረታ ይህችን ስም ወዷታል። ሌሎች ስሞቿን ሁለቴ መልሶባታል። የዛሬዋንም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የራሷ መሆኗን ካላረጋገጠች አይቀበላትም።

«ገበያ ላም ስትሸጪ፣ የተሰረቀች አይደለችም ብሎ የሚቆም ዋስ ታመጪ የለ? ያ ቁጥር ዋስ ማለት ነው።»

ይህን ባትል ይሻላት ነበር።

«እና ዋሷ እኔ ነኛ? ታዲያ ዋስ በስልክ ይቆማል እንዴ! መጣሁ።»

ቁጥሩን ሌባ እንዳይሰርቀው ስልኩን አጠፉት። በመሀረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡና ሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ሾፌሩ ሽንኩርት ሊጭን ሲቆም አላስቻላቸውም።

«ልጄ ጨረታ ላይ ናት፤ ሽንኩርትህን ነገ ጫን!»

«ምን ልትሸጥ ነው እማማ?»

«ስም።»

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። «የኔንም ትሽጥልኝ» አለ ሾፌሩ፤ «ስሜን የማያውቅ ትራፊክ የለም!»

አምቦ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። ከመናኸሪያው በባጃጅ በረሩ። ለንሳ ከምትሠራበት ኮምፒውተር ቤት በር ላይ ጥፍሯን ስትበላ አገኟት። አገላብጠው ከመሳማቸው በፊት እጅጌዋን ሰብስበው የልጅነት ጠባሳዋን አዩ።

«ራሷ ናት» አሉና ስልኩን አውጥተው አበሩት።

«አኮ፣ ይሄ ቁጥር እኮ ዕድሜው አሥር ደቂቃ ነው። ሞቷል።»

«ወይኔ! ገደልኩት?»

«ቆይ፣ ሌላ ይልካሉ።» ለንሳ እየሳቀች አስገብታ አስቀመጠቻቸውና ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገች። ስልኩ ባየሽ እጃቸው ላይ እንዳለ ጮኸ። ለንሳ ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ እምቢ አሉ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ዋስ ተቀምጦ አይናገርምና ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጠሩላት።

ትንሽ ጠበቁ። ለንሳ ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። «ተቀበሏት!»

«ተሸጠች?»

«የለም አኮ፣ ገና የገበያውን በር ገባች። ጨረታው የሚከፈተው በሚመጣው ወር ነው።»

ባየሽ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያው አንሶላ ጨምሪ። ላሚቱ ሳትሸጥ ዋስ ከገበያ ወጥቶ ያውቃል?»