የአጎቴ ድንጋይና የእጅ ፍሬኑ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሟ የሆነው አጎቴና እኔ ነን። ድንጋዩም ነበረ።

የእናቴ መኪና የእጅ ፍሬን መያዝ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋችውን ለየደንበኛው ታደርሳለች። ዳገት ላይ ስትቆም አጎቴ ከፊት ወንበር ዘሎ ይወርድና ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይኸው ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ድንጋዩን ታቅፎ፣ "ቀስ በይ፤ ውሻ አለ፤ አሁን ማርሽ ቀይሪ" ሲል ይውላል።

"እባክህ ሥራልኝና አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን ልንዳ" አለችኝ እናቴ። "ጆሮዬ ደነቆረ።"

አዲስ የፍሬን ሸራ ገዛሁ። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፤ ጎማውን ፈታሁ፤ ሸራውን የሚሸፍነውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ በመዶሻ እያባበልኩ አወጣሁት። አሮጌው ሸራ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል።

አጎቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ድንጋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኛል።

"አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ጋራዥ አይሻለውም?"

"ጋሼ፣ ልጁን ተወው" አለች እናቴ።

"ምን አልኩት? ፍሬን የሰው ሥራ ነው፤ ድንጋይ የእግዜር ሥራ ነው። የቱን ታምኛለሽ?"

"ሁለቱንም። ሁለቱም ዝም ይላሉ።"

የቀኙን ጎማ ያለ ችግር ጨረስኩ። በግራው ግን አንዲት ሞላ ጠፋች። ፍሬኑ ሲለቀቅ ሸራውን ወደ ቦታው የምትመልሰው እሷ ናት፤ ያለሷ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ዕቃዎቹን የደረደርኩበትን ጨርቅ አራገፍኩ፤ መኪናው ሥር ገባሁ። ቀና ስል አጎቴ ግራ እጁን ጨብጧል፤ ከጣቶቹ መሃል የሞላዋ ጫፍ ብቅ ብሏል። አየሁት፤ ማየቴንም አየ።

"ቤት ስውል ቀኑ አይመሽልኝም እኮ" አለኝ፣ እናቴ እንዳትሰማ በሹክሹክታ።

"አለቀ?" አለች እናቴ ከበሩ ሆና።

እኔ እንኳን ታላቅ ሰው ላሳፍር፣ ሱቅ ገብቼ መልስ መጠየቅም አይሆንልኝም።

"አለቀ" አልኩና ታምቡሩን ገጠምኩ።

ከደጃችን ያለው ዳገት ላይ ወጣን። እናቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ተባረክ ልጄ! ጋሼ፣ በል እንግዲህ ድንጋይህን ይዘህ ቤት ግባ።"

የእጅ ፍሬኑን ለቃ ነዳጅ ሰጠች። መኪናዋ አጓራች እንጂ አልሄደችም። ደግማ ሰጠች። ሞተሩ ጠፋ።

አጎቴ ከመኪናዋ ወርዶ እየተንጎራደደ ወደ ግራው የኋላ ጎማ ሄደና መሃሉን በድንጋዩ ሁለቴ መታው። ቋ! ፍሬኑ ለቀቀ።

"ልጁ ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል" አለ፣ ድንጋዩን በእጅጌው እየጠረገ። "አስለቃቂ ብቻ ነው የሚፈልገው።"

እናቴ አጎቴን አየች፤ ድንጋዩን አየች፤ እኔን አየች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ልብስ ልታደርስ ወጣች። አጎቴ ድንጋዩን ታቅፎ ከፊት ተቀመጠ።