የሚያበራ ናስ አይቀባም

ጨርቁን ሲገልጠው ትንሹ የናስ ባቡር ቦግ ብሎ አበራ። የመኪና ቀለም ቀቢው ደሙ ፈላ።

ትናንት ሲሸፍነው ናሱ ጠቁሮ፣ ጥግ ጥጉን አረንጓዴ ዝገት ይዞት ነበር። ቀቢ የሚጠላው ይህን አይደለም። ዝገት ታጥቦ ይለቃል። አሁን ግን አንድ ሰው በመወልወያ ቅባት አሽቶ አሽቶ መስታወት አስመስሎታል። የተረፈው ቅባት በየብሎኑ ራስ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ደርቋል። በዚህ ላይ የተቀባ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

«እማዬ! ማነው ይህን የነካው?»

እናቱ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ወንድምህ ነዋ። አንተ ሳትኖር መጥቶ ሲፈትግ ዋለ። ደስ ይለዋል ብሎ መሰለኝ።»

«ደስ ብሎኛል!»

ውሃ አፈላ፣ ሳሙና በጠበጠበት፣ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍገው ጀመር። አባቱ ባቡር ነጂ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የነዱትን ባቡር አሳንሰው ከናስ ሠሩት። ቀለሙ ላይ ሲደርሱ ታመሙ። «እንደነዳሁት ጥቁር አድርገህ ቅባልኝ» ብለውት ነው የሞቱት።

ቅባቱን አስለቅቆ ሳይጨርስ ታላቅ ወንድሙ ገባ።

«እህሳ፣ አላማረም?»

«አምሯል ጋሼ። ለሠርግ ነው?»

«ለሳሎኔ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይየው። ናስን ያህል ነገር ጥቁር ቀብቶ ከሰል ማስመሰል ምን ይሉታል?»

«አባዬ ነው ያለኝ።»

«አባዬ በመጨረሻው ብዙ ነገር ይል ነበር።»

ታናሽየው ጓንቱን አጠለቀና ኮምጣጤና ጨው የሞላበትን ሳፋ ሳበ።

«ምንድነው እሱ?»

«ማደብዘዣ። ለቀለም መያዣ እንዲሆነው።»

«እንዳትሞክራት!» ታላቅየው በባዶ እጁ የባቡሩን ጣሪያ ጨበጠ።

«ጋሼ ልቀቅ! እጅህ ወዝ አለው!»

«አንተ ልቀቅ!»

የልጅ ልጅ ያዩ ሁለት ሰዎች እንደ ሕፃን ተጓተቱ። የጭስ ማውጫው ሲጥ ሲል ታላቅየው ደንግጦ ለቀቀ። ታናሽየው ጊዜ አልሰጠውም። የጨበጠበትን ቦታ በሳሙና ፈግፍጎ፣ አለቅልቆ፣ ሳፋው ውስጥ ነከረው።

የናሱ ብርሃን እያዩት ጠፋ።

«ገደልከው» አለ ታላቅየው።

«የሞተው አባትህ ነው» አሉ እናቱ። «ደግሞ ብዙ ነገር አላለም። አንድ ነገር ነው ያለው። አንተ አልነበርክም እንጂ ትሰማው ነበር።»

ታናሽየው ባቡሩን አውጥቶ በንጹሕ ውሃ አጠበው፣ አደረቀው፣ በሽቦ አንጠለጠለው። ፈዞ፣ ቀላ ብሎ፣ እርቃኑን ተንጠለጠለ። ቀቢው የቀለም መርጫውን አነሳ። ታላቅየው ደፍ ላይ እንደ ቆመ ነው።

«በሩን ዝጋው። አቧራ ይገባል።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«እንደፈቀደህ» አለ፣ ዞር ብሎም ሳያየው።

ከውጭ ዘጋው።