የሚጢጢ ትከሻ

ሚጢጢ ብሎ ስም ያወጣለት ታናሽ ወንድሜ ነው። ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦት ሲመጣ ስሙ ልኩ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን ውሻው በአራት እግሩ እንደቆመ የምግብ ጠረጴዛውን ከላይ ሆኖ ይጎበኝ ጀመር፤ ስሙ ደግሞ ካፋችን አልወጣ አለ። ወንድሜ ሌላ ከተማ ሥራ ሲያገኝ ሻንጣውን ይዞ፣ ውሻውን ለእኔ ለእህቱና ለአባዬ ጥሎልን ሄደ። ጎበዝ!

እንዲህ ያለ ዘር ማሳደግ ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ እኔ ቤት ይምጣና ይየው። ልጋጉ ግድግዳ ላይ ይደርቃል። ጭራውን ሲያወዛውዝ ብርጭቆ ይረግፋል። ምግቡን ከፋፍለን ነው የምንሰጠው፤ አንዴ ጠግቦ በልቶ ወዲያው ከሮጠ ሆዱ ይነፋና ጨጓራው ይጠመዘዛል፣ ካልተደረሰለት ይሞታል። ባዶ ወለል ላይ ከተኛ ደግሞ ከክብደቱ የተነሳ ክርኑ ይላጣል። እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ፤ ከደንበኞች በተረፈ ስፖንጅ ፍራሽ ሰፋሁለት። ከእኔ አልጋ ይሻላል።

አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዳሌው ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ ሐኪሙ፣ "በየቀኑ ተነስተው ካልተራመዱ እግርዎ እንደታጠፈ ይቀራል" አለውና ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ሰጠው። አባዬ ብረቱን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ይሄንን ለሽማግሌ ስጡት" አለ። እሱ ምን እንደሆነ እንግዲህ ራሱ ያውቃል። ብረቱ በር ኋላ ተገትሮ የልብስ መስቀያ ሆነ። አባዬም የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ ሚጢጢን ወንበሩ አጠገብ ያቆመዋል፣ በሁለት እጁ ትከሻውን ተጭኖ ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም "ጎበዝ" ይለዋል፤ ያኔ ውሻው ወደ ፍራሹ ይሄዳል።

አንድ ቀን ወንድሜ ሊጠይቀን መጣ። አባዬ ገና ከወንበሩ ብድግ እያለ ሳለ፣ ወንድሜ ከወጥ ቤት "ሚጢጢ፣ ና ብላ!" ብሎ ተጣራ። ውሻው እብስ አለ፤ አባዬ ወለሉ ላይ ዘጭ። ደግነቱ ምንም አልሆነም፤ ንዴቱ ግን አይወራ። ከዚያ በኋላ ውሻውን እንደ አዲስ ሲያሠለጥነው ከረመ። እሱ ቆሞ "ጎበዝ" ሳይለው ማንም ቢጠራው፣ ሥጋ ቢወረወርለት፣ ራሱ አባዬ "ሂድ" ቢለው እንኳ ንቅንቅ እንዳይል አስተማረው። እኛ ሥጋ ይዘን እናባብላለን፣ ውሻው ፍንክች የለም፣ አባዬ በሳቅ ይፈርሳል። እውነቴን ነው፣ እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚጢጢ ሲያነክስ ጊዜ የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ወሰድኩት። ዳሌውን ስትጫነው አቃሰተ።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሰባት ሊሞላው ነው።"

"ለዚህ ዘር እርጅና ነው እኮ፤ ትልልቆቹ ቶሎ ነው የሚያረጁት። መገጣጠሚያው አልቋል። እንዳይወፍር፣ ደረጃ እንዳይወጣ፣ የሚያንሸራትት ወለል ካላችሁ ምንጣፍ አንጥፉ። የሚጫነው ነገር አለ እንዴ?"

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይደገፈው። አለበለዚያ አንድ ቀን ተኝቶ ይቀርባችኋል።"

ለአባዬ እንደወረደ ነገርኩት። "እኔ ነኛ የጎዳሁት" አለ። አይ አይደለህም አላልኩትም፤ ማባበል አልችልበትም። "ብረቱን ላምጣልህ?" ብለው ግን ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻውን አልነካ፣ ብረቱን አልነካ፣ ወንበሩ ላይ ተተከለ። ጠዋት ማታ እኔ ደግፌ አነሳዋለሁ፤ ቀን ሥራ ነኝ። ጉልበቱ እየደረቀ፣ አልዘረጋ እያለ መጣ። ተናደድኩ፤ ከመናደዴም በላይ ፈራሁ።

አንድ ቀን ጨርቅ አልመጣ ብሎ ሥራ ስለፈታን በጊዜ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከደጅ የአባዬን ድምፅ ሰማሁ፤ ሰልሏል።

"ተኛ! ተኛ አልኩህ እኮ! በናትህ ተኛ!"

ሚጢጢ ትከሻውን ወንበሩ ላይ አስጠግቶ ቆሟል። የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ። ወንበሩ ላይ ትንሽ ከተነቃነቅኩ ልነሳ መስሎት ይመጣል፣ ከመጣ አይሄድም። በየቀኑ ነው።"

"እስካሁን ምነው ዝም አልክ!"

ባንገቱ ማሰሪያ ጎተትኩት፤ እሱን ከመጎተት ቁም ሣጥን መጎተት ይቀላል። ሥጋ አመጣሁ፤ ዞሮም አላየው። ሌላ ክፍል እንዳልቆልፍበት በሩን አንዴ በትከሻው ገንጥሎታል።

"በቃ ላንሳህ፤ አንተ ስትቆም ይተኛል" አልኩት።

"ነገ ሥራ ስትሄጂስ?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባዬን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። "ያንን ብረት አምጪልኝ።"

ልብሱን ከላዩ አራግፌ ፊቱ አቆምኩለት።

"አትንኪኝ።"

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው ጥርሱን ነክሶ፣ እያቃሰተ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ ቆመ። "ጎበዝ" አለው፤ ድምፁ አልወጣለትም። ሚጢጢ ግን ገባው። ፍራሹ ድረስ መሄድ አቅቶት እዚያው አባዬ እግር ሥር ቀስ ብሎ ተጋደመ።

ወንበሩን ከኋላው አስጠጋሁለት።

"አሁን ቁጭ በል።"

"ቆይ፣ ከተቀመጥኩ ይነሳል" አለ በሹክሹክታ። "እንቅልፍ ይውሰደው።"

ክብደቱን ወደ ክንዶቹ አዛወረ። እጄን ልዘረጋ አሰብኩና ተውኩት።

"ተኛ?" አለኝ ቆይቶ። ጎንበስ ማለት አይችልም።

የሚጢጢን ዓይን አየሁ፤ ገና ገርበብ እንዳለ ነው፣ እሱን ያያል።

"ገና ነው አባዬ።"

"እሺ" አለና ብረቱን አጥብቆ ያዘ።