አማካዩ ለምን ወረደ

የትምህርት ቤቶች የፈተና ውጤት በየዓመቱ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ዘንድሮ የዳይሬክተሯ ትምህርት ቤት አምና ከላይ ሦስተኛ የነበረው ቁልቁል ተንከባሎ ከታች ሁለተኛ ላይ ተገኘ፤ ስሙም በቀይ ተሰምሮበታል። ወሬ ክንፍ አለውና፣ እሷ ሰንጠረዡን አይታ ወደ ቢሮዋ ሳትመለስ ወላጆች ሰምተው ጨርሰዋል።

ቦታውን ከያዘች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት አዛውንት ሁሉ የሚወዳቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ፈተና ሲቃረብ ደከም ያሉትን ልጆች ወላጆች አንድ በአንድ እየጠሩ፣ «ልጅዎ ትንሽ ድካም ይታይበታል፤ የፈተናውን ሰሞን ቤት ቢያርፍ ይሻላል» ይሉ ነበር። ልጁ ታሟል ተብሎ ይቀራል፣ የትምህርት ቤቱ አማካይ ያምራል፣ ሰውም ደስ ይለዋል። ዳይሬክተሯ ይህን የሰማች ዕለት መምህራኑን ሰብስባ፣ «በእኔ ጊዜ ለፈተና ሲባል የሚታመም ልጅ የለም» አለች። ሁሉም ተፈተኑ። ውጤቱ ይኸው ቀይ መስመር ሆነ።

ባሏ ጸጉር አስተካካይ ነው። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚወራው።

«ምን ይላሉ?» አለችው ማታ ራት ላይ።

«ምን የማይሉት አለ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው፣ ከወንዝ ማዶው ጋር ሊቀላቀል ነው ይላሉ። አንዱማ ምላጩ ጉሮሮው ላይ እያለ ነው አንቺን ያማሽ።»

«አንተ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ፤ ደፋር ነው ብዬ በጥንቃቄ ላጨሁት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሳህኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮዋ ድረስ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መለኪያው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል።

«ቅዳሜ ስብሰባ ጠርተናል» አሏት ሳይቀመጡ። «አልደብቅዎትም፣ ልጆቻቸውን ሊያስወጡ የወሰኑ አሉ። እኔም የልጄን ነገር እያሰብኩበት ነው።»

ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብላ አሰበች። የፈራችው መወቀሱን አልነበረም። የፈራችው ወቀሳው እውነት ቢሆንስ የሚለውን ነው። ልጆቹን ሁሉ ያስፈተንኩት ለእነሱ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ ኩራት? በደንብ ባስተምራቸውስ ኖሮ እንዲህ ይወድቁ ነበር? መልሱን ስላጣችው ቦርሳዋን አንስታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ባለሙያ ከተበላሸ ማባዣ ማሽን ጀርባ የሚቀመጥ ቀጭን ወጣት ነው።

«ወንድሜ፣ ላማርርብህ አልመጣሁም» አለችው። «ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ። አጥፍቼም ከሆነ ንገረኝ።»

ወጣቱ ገረመው። ወደዚያ ክፍል የሚመጣ ሁሉ ቁጥሩ እንዲቀየርለት ነው የሚለምነው። ወንበር አቀረበላትና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረ።

«አምና ከእናንተ የተፈተኑት አርባ ልጆች ናቸው፤ አማካያቸው ስልሳ ስምንት። ዘንድሮ ስልሳ አንድ ተፈተኑ፤ አማካዩ ሃምሳ ዘጠኝ። ልጆቹ እንዴት በዙ?»

የአምናውን ልማድ ነገረችው። እስከ መጨረሻው አዳመጠና ቁጥሮቹን ይነካካ ጀመር። በዓመቱ መጀመሪያ ሁሉም ልጆች የወሰዱት የደረጃ መለያ ፈተና ነበር፤ እሱን አወጣና ልጆቹን ሁለት ቦታ ከፈላቸው።

«በድሮው ልማድ ቢሆን ይፈተኑ የነበሩት እነዚህ አርባዎቹ ናቸው። ዘንድሮ ሰባ አንድ አምጥተዋል፤ ከአምናዎቹ ይበልጣሉ። እነዚህ ሃያ አንዱ ደግሞ ዓመቱን ሲጀምሩ አማካያቸው ሃያ ሁለት ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሰባት ደርሷል።»

«ቆይ፣ ሁለቱም ከፍ ብለዋል?»

«ሁለቱም።»

«ታዲያ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ነካቸው?»

«ምንም አልነካቸው። የአምናው ስሌት ውስጥ እነዚህ ሃያ አንዱ አልነበሩማ። ሰንጠረዡ የሚለው ‹የተፈተኑት ዛሬ የት ናቸው› ነው። ‹ከየት ተነሥተው መጡ› ብሎ የጠየቀው የለም። አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ።»

አመስግናው ልትነሣ ቦርሳዋን ያዘች። ግን ወጣቱ አልጨረሰም።

«አንድ ነገር ልደብቅዎት አልችልም። ያደጉት በንባብና በሳይንስ ነው። ሒሳብ ባለበት ቆሟል፤ ጎበዞቹም ደካሞቹም ላይ።»

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። የሒሳብ መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ለቆ ምትክ የተገኘው ዘግይቶ ነበር። «ይዘጋል የሚባለውስ?»

«እሱን እኔ አልወስንም። አለቃዬን ልጠይቅና ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያልደረሳቸው አባቶች በመስኮቶቹ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ባለሙያው የለም። ዳይሬክተሯ በሩን ደጋግማ አየችና መጠበቁን ትታ ተነሣች።

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የቤት መዋሉን ልማድ፣ አርባዎቹን፣ ሃያ አንዱን። በመጨረሻ፣ «ሒሳብ ላይ ግን ወድቀናል» አለች። «እዚያ ላይ ምክንያት መደርደር አልፈልግም። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የልጆቹ አይደለም።»

ከኋላ አንድ አባት፣ «ሁሉም ጨምረው ድምሩ ይቀንሳል የሚባል ነገር ለእኔ አይገባኝም» አለ። «ይህ ቃላት ማሳመር ነው።»

ዳይሬክተሯ ወደ እሱ ዞረች። «ወንድሜ፣ ቤትህ ስንት ናችሁ?»

«ከባለቤቴና ከሁለት ጎረምሶች ጋር አራት።»

«ነገ ሕፃን ቢወለድላችሁ የቤተሰቡ አማካይ ቁመት ምን ይሆናል?»

«ያው... ይወርዳል።»

«ከእናንተ መሃል ያጠረ ሰው አለ?»

አዳራሹ ሳቀ። «ሚስቱ እንዳትሰማ» አለ አንዱ። ሰውዬውም ራሱን እያከከ ሳቀና ቁጭ አለ።

ሳቁ ሳያባራ አንዲት እናት ተነሣች። ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«አምና ልጄን ‹ታማለች› በይ ተባልኩ» አለች። «ጤነኛ ልጅ አስተኝቼ ዋልኩ። ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ምን ሆና ነው ሲለኝ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ። እሷም ‹እማ፣ እውነት ታምሜ ይሆን እንዴ?› አለችኝ። ዘንድሮ ተፈትና አርባ አመጣች። ለእናንተ አርባ ምንም አይደለ ይሆናል። እኔ ቤት ግን ልጅቱ ራሷ መጽሐፍ እየከፈተች ማንበብ ጀምራለች።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ይሄኔ ባለሙያው እያለከለከ ገባ፤ አውቶቡስ አምልጦት ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ጋሽ ሜትር ፋታ አልሰጡትም።

«የእኔ ልጅ፣ የሰማነው ልክ ነው?»

«የዳይሬክተሯ ቁጥሮች ልክ ናቸው» አለ ላቡን እየጠረገ። «አለቃዬንም ጠይቄያለሁ። በአንድ ዓመት አማካይ የሚዘጋም የሚቀላቀልም ትምህርት ቤት የለም። የልጆቹ እድገትም አብሮ ይታያል፤ በእሱ እናንተ ከደህናዎቹ ናችሁ። ሒሳብን ሳይጨምር።»

ጋሽ ሜትር መለኪያቸውን ከአንገታቸው ላይ ሳብ ሳብ አደረጉ። «እኔ ዛሬ የመጣሁት ልጄን ላስወጣ ነበር» አሉ። «ዳይሬክተሯ ሒሳቡን ደብቀውን ቢሆን ኖሮ ሌላውንም ባላመንኳቸው። ልጄ ትቆያለች። የከሰዓት የሒሳብ ትምህርት ግን ከሰኞ ጀምሮ እንፈልጋለን።»

«ከሰኞ ጀምሮ» አለች ዳይሬክተሯ።

ሰው ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም። በመስኮቱ ከተደገፉት አንዱ ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለማዛወር እንደቆረጠ ነግሯት ሄደ፤ እሷም መልካሙን ሁሉ ተመኘችለት። የቀሩት ግን በሩ ላይ እጇን እየጨበጡ ወጡ። ባለሙያው የአውቶቡስ ፌርማታ የት እንደሆነ ሲጠይቅ ዳቦ ቤት የምትሠራዋ እናት መንገዴ ነው ብላ ይዛው ሄደች።

ዳይሬክተሯ ወደ ቤት አልሄደችም። ደክሟት ነበር፤ የሚቀርበው የባሏ ሱቅ ነበር። ደንበኛ አልነበረም። ገብታ መስታወቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ስንት ልጅ ወጣ?» አላት መጥረጊያውን እንደያዘ።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈና ከኋላዋ መጥቶ የወንበሩን መደገፊያ ዝቅ አደረገላት። «እሺ እመቤት፣ ምን እንሥራልዎ?»

«ዝም በለኝ» አለች ዓይኗን ጨፍና፣ ፈገግ እያለች። ቀጥሎ ምን እንዳላት አልሰማችም። እንቅልፍ ወስዷታል።