ከጀልባዋ የጎደለው ውሃ

ልደታ ሰፈር ብዙ ነገር አይታለች፤ ጀልባ ግን አይታ አታውቅም። ስለዚህ የቀመሪያ በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆሞ ነጭ ጀልባ ሲያራግፍ፣ ወሬው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

ቀመሪያ ሟች ባሏ ሙደሲር ካስተማራት የፋይበር ግላስ ሥራ ሌላ ሙያ የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሚኒባስ ፓራውልት ስትሠራ ኖራ፣ ከውጭ የሚገባው ረክሶ ገበያዋን ዘጋባት። ጀልባዋ የመጣችው ወርክሾፑን ለሱቅ ላከራየው ወይስ ልታገሥ እያለች ስታመነታ ነው። ባለጀልባው እንድርያስ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል፤ የጀልባዋን ሆድ ድንጋይ ሰንጥቆበታል።

«ይቺ ከያዘች ሌሎቹን አራቱንም አመጣልዎታለሁ» አላት። «ካፈሰሰች ግን እትዬ ቀመሪያ፣ አይቀየሙኝ፣ ሐይቅ አይቶ ወደሚያውቅ ሰው እወስዳታለሁ።»

ሐይቅ አለማየቷን ማን ሹክ እንዳለው አልጠፋትም። እንድርያስ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚያርፈው አክስቱ መሰለች ቤት ነው፤ መሰለች ደግሞ የአጥር ጎረቤቷ ናት። ሁለቱ ሴቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርትና ነገር ሲለዋወጡ ኖረዋል።

ቀመሪያ ስንጥቁን ሰፋ አድርጋ ሞረደች። ከውስጥም ከውጭም ሦስት ሦስት ድርብ ፋይበር አልብሳ ሙጫ አጠጣችው። ሲደርቅ መፈተን ቀረ። ዝዋይ ቢሆን ጀልባዋ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ልደታ ላይ ግን ውሃው ነው ጀልባዋ ውስጥ የሚገባው። ሆዷ በክብደት እንዳይጎብጥ አሸዋ በሞሉ ከረጢቶች ከሥር ደገፈቻት፤ ከውጭ በኩል ደግሞ የጠመኔ ዱቄት ቀባቻት። አንዲት ጠብታ ሾልካ ብትወጣ ጠመኔው ላይ መንገድ ትሠራለች። ቅዳሜ ፈረቃው ደርሶ ቧንቧው ሲመጣ እስከ ወገቧ ሞላቻት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሰፈሩ ውስጥ ድርሽ አላለም።

ረቡዕ ጠዋት እንድርያስ መጣና የውሃውን ልክ በማርከር አሰመረ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረው።

«ከቀጠሮ መልስ አክስቴ ጋ ምሳ በልቼ እመጣለሁ» አለ። «መስመሩ ላይ ካገኘሁት ተስማማን።»

ቀመሪያ ሙጫ ልትገዛ ተክለ ሃይማኖት ወጣች። በሯን እንደ ወትሮው በድንጋይ አስደግፋ ሄደች፤ በዚያ ሰፈር በቀን በር መቆለፍ ጎረቤትን መስደብ ነው። ስትመለስ ውሃው ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወርዷል።

አራቱ ጀልባዎች ተራ በተራ ሲሄዱባት ታያት። መሬት ላይ ተንበርክካ ከሥር አየች። ጠመኔው ደረቅ ነው፤ አንድም መንገድ የለበትም። ውሃ ካልፈሰሰ ደግሞ በእግሩ አይሄድም።

«መሰለች፣ ከጀልባዬ የቀዳ ሰው አይተሻል?» አለች በቆርቆሮው አጥር በኩል።

«እኔ ምን አውቄልሽ፣ ሽሮዬን እያማሰልኩ።»

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ።

እንድርያስ መጥቶ መስመሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጎድሏል።»

«አልፈሰሰም። ጠመኔውን እየው።»

«ጠመኔ ሰው አያሻግርም፣ እትዬ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።» ለአይሱዙው ሾፌር ሊደውል ስልኩን አወጣ።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ጆሮውን ተክሎ እንደሚያዳምጥ ቀመሪያ ታውቃለች። ድምጿን ከፍ አደረገች። «ለመሆኑ ምን ምን ስትጭንባት ኖርክ?»

እንድርያስ ስለ ጀልባው ከጠየቁት ስልክ አይደለም ምጽዓትም አያቆመው። «ያልጫንኩት የለም። ዓሣ በሉት፣ ፍየል በሉት።»

«ሬሳስ?»

«ደሴቱ ላይ ቅበሩኝ ያለ ሁሉ በማን ይሻገራል? ባለፈው ወር ብቻ ሁለት።»

«ሁለት ሬሳ? በዚችው ጀልባ?»

«በዚችው።»

ቀጥሎ አንድ በር ተከፈተ፤ ሌላም። የጀሪካን ውሃ ሲንዶቆዶቅ ተሰማ። አቶ ጋሻው፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ ሁለት ባልዲ ቦይ ውስጥ ገለበጡ። በየካቲት ፀሐይ፣ ጠብ ያለ ዝናብ ሳይኖር፣ የሰፈሩ ቦይ በእንድርያስ እግር ሥር ሞልቶ ወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ጎደለ ያልከው ነዋ።»

እንድርያስ ቦዩን አየ፣ ደረቁን ጠመኔ አየ፣ ጀልባዋን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። መሰለች የገባችው በዚህ መሀል ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እንድርያስ ልጄ።»

«አቤት፣ አክስቴ።»

«ቧንቧው ከቅዳሜ ጀምሮ እንደጠፋ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«የምሳህን ሽሮ ታዲያ በምን የሠራሁት ይመስልሃል?»

ሳቁ ተቋረጠ። እንድርያስ መስመሩን አየ፤ ከዚያ ሆዱን ያዘ።

ቀመሪያ አልቸኮለችም። እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አራቱን ጀልባዎች መቼ ነው የምታመጣቸው?»

«ሰኞ» አለ፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ።

«አክስትህ ምስክር ናት?»

«ነኝ» አለች መሰለች ቶሎ።

ቀመሪያ ያን ጊዜ ነው ጀልባዋን ውሃ ከመሙላቷ በፊት ሦስት ጊዜ በሳሙናና በበረኪና አጥባ እንዳለቀለቀቻት የነገረችው።